አካቶ በጓሮ በኩል ነው

መምህርት ታንጉ ያን ቀን በጣቷ «አ»ን ትታ «ና»ን ያሳየችው ተሳስታ ነው ወይስ አውቃ? አንኮበር ውስጥ ይህን ያልጠየቀ ሰው የለም። እኔም ጎረቤቷ ስለሆንኩ በአጥር ላይ ጠይቄያታለሁ። «እጄ ለምዶት ነው» አለችኝና ነጭ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች። ይህን ስትል ፈገግ ብላ ነበር፤ ግን መምህርት ታንጉ ለቅሶ ቤትም ተቀምጣ ፈገግ ያለች ስለምትመስል ፈገግታዋ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ የማውቀውን ከመጀመሪያው ልናገርና ፍርዱን ለአንባቢ ልተው።

ታንጉ የደብረ ሲና ልጅ ናት። አባቷ በመንገድ ዳር የከባድ መኪና ጎማ የሚጠግኑ ጎሚስታ ነበሩ። መምህርነት ለመማር ደብረ ብርሃን የሄደች ዕለት አንድ መዝጋቢ ቀና ሳይል «ልዩ ፍላጎት?» አላት። እሱ የጠየቀው የትምህርት ክፍሉን ነው። እሷ ግን ፍላጎትሽ ምንድነው ብሎ ሰው ጠይቋት ስለማያውቅ ልቧ ተነካ፤ «አዎ፣ አባቴን ስለሚያማቸው ከደብረ ሲና ባልርቅ ደስ ይለኛል» አለችው። መዝጋቢው «አዎ»ን ሰምቶ የቀረውን ሳይሰማ ጻፈ። ሒሳብ ልታስተምር የወጣች ልጅ በዚያው የልዩ ፍላጎት መምህርት ሆና ቀረች። «በሙያዬ መጀመሪያ ያጋጠመኝ መስማት የተሳነው ሰው ያ መዝጋቢ ነው» ትላለች።

ተመርቃ የተመደበችው አንኮበር፣ እኛ ሰፈር ካለው ትምህርት ቤት ነው። መስማት የተሳናቸው ልጆች ከየገጠሩ መጥተው በየዘመዳቸው ቤት እያደሩ የሚማሩባት አንዲት ክፍል አለች። ክፍሏ ወደ ምሥራቅ የሚከፈቱ ሰፋፊ መስኮቶች አሏት። አንኮበርን የሚያውቅ ጉሙን ያውቃል፤ ረፋድ ላይ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ሲወጣ ሰው የገዛ ጫማው ይጠፋዋል። ሌላው መምህር በጉም ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስተምራል። ታንጉ የምታስተምረው በእጇ ስለሆነ ብርሃን ከሌለ ትምህርት የለም። ስለዚህ መስኮቶቹ ለእሷ ጠመኔም፣ ሰሌዳም፣ ጉሮሮም ነበሩ።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ግን የምትቆጠረው እንደ ግማሽ መምህር ነበር። «መምህርት፣ ዛሬ ድምፅሽ ዘጋ እንዴ?» ይሏታል። «አንቺስ ታድለሻል፣ ክፍልሽ ውስጥ ማን ይንጫጫል!» ይላል ሌላው። የተማሪዎቿ ክፍል እንደውም ከትምህርት ቤቱ ሁሉ የሚንጫጫው መሆኑን ማንም ገብቶ አላየም። አንድም ሰው አብሯት ተቀምጦ፣ ቃል ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ማንበብ እንዴት እንደሚጀምር አልጠየቃትም። እሷም የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም።

እንዲህ ሳለች ደብረ ብርሃን ሆቴል ውስጥ ስልጠና ተደረገ። አሰልጣኙ ሲጨርስ «ዓለም አቀፍ የአካቶ ትምህርት መምህራን ጥምረት» የሚባል ማኅበር በኢንተርኔት እንደሚሰበሰብ ተናግሮ ሊንኩን ላከላቸው። አካቶ ማለት አካል ጉዳተኛውም ሌላውም ልጅ አብሮ የሚማርበት ትምህርት ነው፤ እንዲያ ሲሆን አይቼ ባላውቅም ትርጉሙ ይኸው ነው። ስብሰባው ቅዳሜ፣ ሦስት ሰዓት ይላል። ታንጉ ሻሿን አስተካክላ ጠዋት በሦስት ሰዓት ኔትወርክ በሚይዝበት በእኛ አጥር ጥግ በርጩማ አድርጋ ገባች።

ስክሪኑ ላይ አንዲት ጠይም ሴት ብቻ አለች። ታንጉ የጥምረቱ ኃላፊ መሰለቻትና ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ተቀመጠች። ሴትዮዋም ጀርባዋን ቀጥ አደረገች። ሁለቱም ሌላይቱ ስብሰባውን እንድትከፍት ሲጠባበቁ ቆዩ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ጣቷን ወደ ጆሮዋ ጠቁማ እጇን አወዛወዘች። ታንጉ በደስታ ከበርጩማው ላይ ልትዘል ምንም አልቀራትም። እጇን አንስታ በምልክት ሰላም አለቻት።

ሴትዮዋ ኡጋንዳዊት መምህርት ናት፤ ራሷም መስማት የተሳናት፣ ተማሪዎቿም እንደሷው። በእነሱም አገር ሰዓት እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጠረው። ፈረንጆቹ ሦስት ያሉት የእኛን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ኖሯል። ከዓለም ሕዝብ መካከል በተሳሳተው ሰዓት የገቡት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ምልክታቸው ግማሹ ይገጥማል፣ ግማሹ አይገጥምም፤ ያልገጠመውን በሳቅ ሞሉት። ስሟ ናካቶ ይባላል።

በዘጠኝ ሰዓት ሁለቱም ወደ ትክክለኛው ስብሰባ ተመለሱ። አዳራሽ የሚሞላ ሰው ገብቷል። የስብሰባውን ግማሽ የወሰደው «ይሰማል? ይሰማል? ማይክህን ክፈት፣ አይሰማም» የሚለው ነበር። የዕለቱ ርዕስ መስማት ስለተሳናቸው ልጆች ነው። ከዚያ አንድ ሰው ክብ ውስጥ ክብ ያለበት ሥዕል አሳየ፣ ቀስት ጨመረበት፣ ሁሉም አመሰገነውና ፎቶ ተነሱ። ታንጉና ናካቶ በዚያው ቀን ተስማሙ፤ ዘጠኝ ሰዓቱ ለዓለም ይሁን፣ ሦስት ሰዓቱ የእኛ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በሦስት ሰዓት አጥራችን ጥግ የታንጉ እጅ ሲወጣና ሲወርድ አያለሁ። ዓመታት የያዘቻቸው ጥያቄዎች ነበሯት። «ትናንት» የሚለውን ቃል ለሌለው ልጅ እንዴት ትነግሪዋለሽ ብላ ጠየቀች። ናካቶ ልብስ አጥባ ገመድ ላይ ታሰጣለች፤ ልጆቹ እርጥቡን ዛሬ፣ የደረቀውን ትናንት ይሉታል። ናካቶ ደግሞ «ምናልባት» አስቸግሯት ነበር። ታንጉ ስልኳን አዙራ ጉሙን አሳየቻት፤ እዚያ ማዶ ተራራ አለ? አይታይም። የለም? አይባልም። ምናልባት። ናካቶ እዚያ ማዶ ሆና እጇን አጨበጨበች።

ሁልጊዜም የሚጀምሩት ስም በመጠራራት ነው። ታንጉ የአማርኛውን የጣት ፊደል አስተምራታለች፤ ና፣ ካ፣ ቶ። ናካቶም መልሳ ታ፣ ን፣ ጉ ትላለች። ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። «እጄ ለምዶት ነው» ያለችኝ ይህንን ነው።

ጥምረቱ አንድ ቀን ፎቶ ፈለገ መሰለኝ፣ አባላቱ አንዳቸው የሌላቸውን ትምህርት ቤት እንዲጎበኙ ወሰነ። ናካቶ ለአንድ ሳምንት አንኮበር መጥታ ከታንጉ ጋር እንድታስተምር ተፈቀደላት። በአማርኛ ተተርጉሞ የመጣው ደብዳቤ የደረሰው የወረዳው የአካቶ ትምህርት ባለሙያ ለሆነው ለአቶ ደምመላሽ ነው። አቶ ደምመላሽ የታንጉን ክፍል ረግጦ አያውቅም፤ ነገር ግን በአካባቢው «ደንቆሮ» የሚል ሰው ካገኘ መንገድ ላይ አስቁሞ «መስማት የተሳነው» እንዲል ያርመዋል። ማረም ልማዱ ነው። ደብዳቤው ላይ «ናካቶ ትመጣለች» የሚል ቢያገኝ «እነዚህ ሰዎች አካቶ መጻፍ እንኳ አይችሉም?» አለና «ና»ን ሰርዞ «አ» አደረገው። የቀረውን ከዓረፍተ ነገሩ ጋር አስማምቶ «ከውጭ አገር በአካቶ ጉዳይ እንግዳ ይመጣል» ብሎ ላከው።

ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ፈረንጅ መሆኑን ማንም አልተጠራጠረም። ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ዳይሬክተሩ ሰይፈሥላሴ ታንጉን ቢሮው ጠራት።

«ታንጉዬ፣ ክፍልሽን ለማዕከል ፈልገነዋል።»

«የምን ማዕከል?»

«የአካቶ ማዕከል ነዋ! እንግዳ ሲመጣ የሚታይ ነገር ያስፈልጋል። ቀለም ይቀባል፣ ወንበር ይገባል።»

«ልጆቹስ?»

«ከጓሮ፣ እቃ ቤቱ ውስጥ። አካፋና ዶማውን ወደ አንድ ጥግ እናደርገዋለን።»

«ጋሼ፣ እዚያ መስኮት የለም። እጄን ካላዩ አልተናገርኩም ማለት ነው።»

«ለእንግዳው ሰሞን ነው።»

«ከዚያ ይመለስልናል?»

ሰይፈሥላሴ ወገቡ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገ። «አዲስ ወንበር የገባበት ክፍል፣ ልጆች ገብተውበት... እሱን በሂደት እናየዋለን» አለ። «በሂደት» የተባለ ነገር እኛ አገር ተመልሶ አያውቅም። ታንጉም ይህን ታውቃለች። ያን ሰሞን ማታ ማታ መጽሐፌን ዘግቼ ስተኛ የእሷ መስኮት ገና ብርሃን ነበረው። ልጆቹ በእቃ ቤቱ ደጃፍ፣ በሩ በሚያስገባው ብርሃን ልክ ተጣበው ይማሩ ነበር፤ ከኋላ ያለው ከፊቱ ያለውን ልጅ ጀርባ ይማራል።

የእንግዳው መምጫ ዋዜማ ሰይፈሥላሴ በሰልፍ ላይ ማይክ ይዞ «የአካቶ ክፍል ተማሪዎች ነገ እንዳትመጡ! እንግዳ እንዳይረበሽ!» ብሎ አወጀ። ድምፅ ማጉያው አዲስ ስለነበር ቃሉ ገደሉን ተሻግሮ ተሰማ። በምልክት ተርጉሚላቸው ያላት ሰው ስላልነበረ ታንጉ እጇን አጣምራ ቆመች።

በማግሥቱ ዘጠኙም ልጆች ጸጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው መጡ።

«ትናንት በማይክ ተናግሬ የለም እንዴ!» ሰይፈሥላሴ ጮኸ።

«ሰምቻለሁ» አለች ታንጉ።

«እነሱስ?»

ታንጉ በጣቷ ጆሮዋን ነካች። እሱም ገባውና ጆሮው ቀላ። «በቃ ከጓሮ ይሁኑ። በሩን ዝጊና እንዳይታዩ!»

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ እኔም ወንበር ሳወጣ ስለዋልኩ ሁሉንም አይቻለሁ። ሕፃናት ፈንዲሻ ይዘዋል፣ ድፎ ዳቦ ተቆርሷል፣ የዞኑ ካሜራ ተተክሏል። ጉሙ ገለጥ ሲል አንዲት ላንድክሩዘር ብቅ አለች። ውስጧ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አለ፤ አንገቱ ላይ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያንጠለጠለ። በኋላ እንደተረዳነው ሰውዬው አንኮበር ገደል ላይ ብቻ ትገኛለች የምትባል አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ሊያይ የመጣ ነው፤ መኪናዋን ያቆመው መንገድ ሊጠይቅ ነበር። አፉን ሳይከፍት ፈንዲሻ ወረደበት። ጋቢ ደረቡለት። ዳቦ አጎረሱት።

አቶ ደምመላሽ አስተርጓሚ ሆነ። ፈረንጁ ዳቦውን እንደዋጠ ጠየቀ።

«እዚህ ብቻ ነው የሚገኙት ሲባል ሰምቻለሁ ይላል» አለ ደምመላሽ።

«በዞኑ እንደኛ የያዛቸው የለም በለው!» አለ ሰይፈሥላሴ።

«ቁጥራቸው እየቀነሰ ነው ወይ ይላል።»

«ኧረ በጭራሽ! አምና ሰባት፣ ዘንድሮ ዘጠኝ ደርሰዋል።»

ፈረንጁ ይህ ሲተረጎምለት እጁን ደረቱ ላይ አሳረፈ። ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለኝ።

«ሰው ሲጠጋቸው ይሸሻሉ ወይ ይላል።»

«ለምደዋል በለው። ከማኅበረሰቡ ጋር እንዲቀላቀሉ እየሠራን ነው።»

«ምን ይመገባሉ ይላል።»

«የምገባ ፕሮግራም አለን። ጠዋት ጠዋት ገንፎ።»

ፈረንጁ ይህን ሲሰማ ትንሽ ግራ ተጋባ፤ ግን ጨዋ ሰው ስለነበር ጋቢውን አጠበቀና «ከሩቅ ሆኜ፣ ሳልረብሻቸው ላያቸው እችላለሁ?» አለ። ኮሚቴው ተያየ። እንግዳ ልጆቹን አያለሁ ይላል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

በዚህ መካከል ከደብረ ብርሃን የመጣ ሚኒባስ በሩ ላይ አንዲት ጠይም ሴት አወረደ። የጀርባ ቦርሳ ይዛለች፤ ቅዝቃዜው ትከሻዋን ጆሮዋ ድረስ አድርሶታል። ዘበኛው ጋሽ ባየው «የት ነሽ የኔ ልጅ?» አሏት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ መዳፏን ዘረጋች። መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ፣ የልጅ እጅ ጽሑፍ የመሰለ አማርኛ ተጽፏል፦ ናካቶ። ጋሽ ባየው መነጽራቸውን ቤት ትተው መጥተዋል። መዳፏን ራቅ አድርገው ያዙና «አ... ካ... ቶ። አካቶ ነሽ? አካቶ በጓሮ በኩል ነው። በዚህ የሚገባው እንግዳ ብቻ ነው» ብለው በእጃቸው መሯት።

ጨዋ ዘበኛ ስለሆኑ ደግሞ ሄደው ለዳይሬክተሩ ሪፖርት አደረጉ። «አካቶ መጥታለች፣ በጓሮ አስገብቻታለሁ።»

«ጥሩ አደረጉ፣ እዚያው ትቆይ» አለ ሰይፈሥላሴ ዓይኑን ከፈረንጁ ሳያነሳ።

ማዕከሉ ተከፈተ። ወንበሮቹ ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል፣ ግድግዳው ላይ «ማንም አይቀርም» የሚል ባነር ተሰቅሏል፣ በመስኮቶቹ የጠዋት ፀሐይ ባዶ ወለል ላይ ትፈስሳለች። ፈረንጁ ጣሪያውን አየ፣ ጥግ ጥጉን አየ። ወፍ የለም። በመስኮት በኩል መነጽሩን ወደ ጓሮ አነጣጠረና ድንገት ቀጥ አለ። የሚራገብ ነገር አይቷል። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ እየተራመደ ወጣ፤ ኮሚቴው፣ ካሜራው፣ ፈንዲሻ የያዙት ሕፃናት ሁሉ በእግር ጣታቸው ተከተሉት።

የእቃ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ታንጉና ያቺ ሴት ፊት ለፊት ቆመው እጆቻቸው ይሮጣሉ፤ ዘጠኙ ልጆች ከብበዋቸዋል። ትንሿ ኤልሮኢ ለእንግዳዋ የምልክት ስም እያወጣችላት ነበር፤ ሁለት ጣቶቿን ከትከሻዋ ኋላ አምጥታ ታራምዳለች። በጓሮ የመጣችው ማለቷ ነው። ፈረንጁ መነጽሩን አወረደ። ሲያይ ቆየና ኮፍያውን አነሳ።

«ይቺ ማናት?» አለ አቶ ደምመላሽ።

«እንግዳችን» አለች ታንጉ። «ናካቶ።»

«ታዲያ ይሄ ፈረንጅ ማነው?»

«እሱን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ።»

አቶ ደምመላሽ ካሜራው እንደዞረ አይቶ ማይኩን ነጠቀና ለናካቶ ንግግር ጀመረ። «እንኳን ደህና መጡ! ይሰማል? ይሰማል?» ማይኩን በጣቱ ቆረቆረው። ይህ ቆርቋሪ ጣት፣ እሱ ስልጠና ሊሰጥ በመጣ ቁጥር ልጆቹ ከሩቅ ሲያዩት ያወጡለት የምልክት ስሙ ነበርና ዘጠኙም በአንድ ጊዜ አየሩን በጣታቸው ቆረቆሩ። ናካቶ ሳቀች፤ ጆሮዋን ጠቁማ እጇን አወዛወዘች።

ደምመላሽ ላብ በላብ ሆነ። «እሷም... እሷም መስማት የተሳናት ናት? ለምን አልነገርሽንም?»

«አልጠየቃችሁኝም።»

ናካቶ ወደ እቃ ቤቱ፣ ከዚያ መስኮት ወዳለው ክፍል እያሳየች በእጇ ጠየቀች። ታንጉ ድምፅ ሆነችላት፦ «ልጆቹ ለምን ጨለማ ውስጥ ሆኑ? ያኛው ብርሃን ያለው ክፍል የማን ነው? ትላለች።»

ደምመላሽ የሚያውቀው ጥያቄ ስለመጣለት ነፍስ ዘራ። «ያ? ያማ የአካቶ ነው! ለሌላ አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ የአካቶ ነው በያት!»

ታንጉ እጇን አነሳች። የቆምኩት ቅርብ ነበር፤ የጣት ፊደሉንም ቅዳሜ ቅዳሜ በአጥር ሳይ ለምጄዋለሁ። ክፍሉን አመለከተች፤ ከዚያ ጣቶቿ ፊደል በፊደል ሄዱ። ና። ካ። ቶ።

ናካቶ መጀመሪያ በጣቷ ራሷን ነካች፤ የኔ? ታንጉ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ናካቶ ደረቷን በሁለት እጇ ይዛ ለኮሚቴው ጎንበስ አለች። ከዚያም እጆቿ ረጅም ነገር ተናገሩ።

«እንዲህ ያለ ስጦታ አልጠበቅሁም ትላለች» አለች ታንጉ። «ለኔ ከሰጣችሁኝ እኔ ደግሞ ለነዚህ ልጆች ሰጥቻለሁ ትላለች። ቁልፉን አሁን ለመምህራቸው ስጡልኝ ትላለች።»

«የምን ስጦታ?» አለ ሰይፈሥላሴ። ግን ፈረንጁ ምንም ሳይገባው ማጨብጨብ ጀምሮ ነበር። ፈረንጅ ሲያጨበጭብ ዝም የሚል ኮሚቴ የለም፤ ሁሉም አጨበጨበ። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው አርገበገቡ። ካሜራው ቀረጸ። ሰይፈሥላሴ ወገቡን ዳበሰና ቁልፉን ፈታ፤ ሥጋውን ቆርሶ የሚሰጥ ይመስል ነበር።

«የናካቶ ነው ያልከው አንተ ነህ!» አለው ደምመላሽን በጥርሱ መካከል።

«እኔ አካቶ ነው ያልኩት!»

«እኔስ መቼ ዋሸሁ?» አሉ ጋሽ ባየው ከኋላ። «አካቶ መጥታለች ብያለሁ።»

በዚያው ዕለት ልጆቹ የወንበሮቹን ላስቲክ ቀደው ተቀመጡ። ፈረንጁ ጋቢውን እንደለበሰ ወደ ገደሉ ሄደ፤ ወፏን ይያት አይያት የነገረኝ የለም። ታንጉና ናካቶ የትምህርት ሰዓት እስኪያበቃ ድረስ አብረው አስተማሩ፤ ሁለት መምህራን በአንድ ሰሌዳ ፊት፣ አንዷ ስትደክም ሌላዋ እየተካቻት። ከታንጉ ቤት ሲደርሱ ገና አልጨለመም ነበር።

ከጨለመ በኋላ ሰይፈሥላሴ ባትሪ ይዞ መጣና የታንጉን በር አንኳኳ። «ታንጉዬ! ቁልፉን ለአንድ አፍታ! ነገሩን በሂደት እናስተካክለው!» ደጋግሞ አንኳኳ። በቡጢ መታው። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተነሳ፤ ከውስጥ መልስ የለም።

«ጋሼ፣ ተኝታለች» አልኩት በአጥሩ ላይ።

«በዚህ ሰዓት? እንግዳዋስ?»

«እንግዳዋ አትሰማም።»

ባትሪውን አጥፍቶ ሄደ። መስኮቷ ጨለማ ነበር፤ ያን ሰሞን ጨልሞ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። መምህርት ታንጉ መብራቷን አጥፍታ የተኛችው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።